ዶሳይል የተባለው ፈረስ

ሱሉልታ፣ ሰኞ የካቲት 3 ቀን 2017

ጋሼ ጃለታ፣ ይሄን አንዴ ብቻ እመነኝ። የድሮውን ሁሉ ውሸት ነበር በል፣ ግድ የለም፣ ይሄን ግን እመነኝ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ አይደል፣ ይቅርታ። ለጤናህ እንደምን አለህ፣ ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ማለት ሰውነቴ ደህና ነው፣ ልቤ ነው ደህና ያልሆነው። ያለህበትን አገር ሰላም ያድርግልህ፣ እንጀራህን ያስፋልህ፣ እናትህን በዓይንህ ያሳይህ።

ያልደወልኩት አንተ ራስህ ስላልክ ነው። «ሶያማ፣ ስትደውይ ታለቅሻለሽ እንጂ አታወሪም፣ ከእንግዲህ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፊና ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ከሥራ ስወጣ አነበዋለሁ» አላልክም? ይኸው ጻፍኩ። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሑፍ ስለሆነ ታገሰኝ።

ቡራዩ፣ ባሳደጉኝ በእናትህ ቤት ሆኜ ሌባ አጥር እየሰበረ ነው ብዬ የደወልኩልህን አልረሳሁም። አንተ እዛ ሆነህ አጎቴን ከተፍኪ አስነሳሃቸው፣ እሳቸው ደሞ ስድስት ሰው ዱላ አስይዘው በአይሱዙ መጡ፣ ከዛ ጭንቅላቱ ጣሳ ውስጥ የተቀረቀረበት ውሻ ሆኖ ተገኘ። ሰፈሩ እስከዛሬ ይስቃል። እኔ ስፈራ የእውነቴን ነው የምፈራው፣ ግን የፈራሁት ነገር ሳይሆን ይቀራል፣ እሱ ነው ጣጣዬ። አንተም ከልጅነቴ ጀምሮ ደንባራ እያልክ ነው የጠራኸኝ።

አሁን ግን የማወራህ ስለ ፈረስ ነው። ፈረስ ላይ ተሳስቼ አላውቅም።

ከሰበታው አበባ እርሻ ከወጣሁ በኋላ እዚህ ሱሉልታ ፈረስ ቤት መግባቴን ነግሬሃለሁ። ቅዳሜና እሁድ ፈረንጆችና የአዲስ አበባ ሰዎች እየመጡ በሰዓት የሚጋልቡበት ግቢ ነው፣ ባለቤቱ አቶ ተድላ ናቸው። አሥራ አንድ ፈረስ አለ፣ አራቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከአራቱ አንዱ ቡላ ነው፣ መልኩም ቡላ ስሙም ቡላ። ቡላ ክፉ አይደለም፣ አይነክስም፣ አይራገጥም። ግን ይደነብራል። ፌስታል ሲበር ይደነብራል፣ ጃንጥላ ሲከፈት ይደነብራል፣ በጎጃም መንገድ ሲኖትራክ ፍሬን ሲይዝ ይደነብራል። ሲደነብር ደሞ ዘሎ አይቆምም፣ ልጓሙን ነክሶ ይሄዳል፣ በቃ ይሄዳል፣ እስኪደክመው ድረስ።

ጥር መጀመሪያ ላይ ሰለሞን የሚባል የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ለእያንዳንዱ ፈረስ በእንግሊዝኛ ወረቀት ሞላ፣ ዕድሜው፣ ጥርሱ፣ ኮቴው፣ መጨረሻ ላይ ጠባዩ። የቡላ ጠባይ ላይ አንድ ቃል ጻፈ። ከስር የተንከባካቢ ፊርማ የሚባል መስመር አለ፣ አቶ ተድላ «ፈርሚ» አሉኝ፣ ፈረምኩ። ቃሉን አንድ በአንድ ልንገርህ፣ ዲ፣ ኦ፣ ሲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ። እሳቸው ሲያነቡት ዶሳይል ይሉታል። ምን ማለት ነው ብላቸው «ጨዋ ማለት ነው፣ አንቺ ጋጣሽን ጥረጊ» አሉኝ።

ከዛ ወረቀቱ በላስቲክ ተደርጎ ጋጣው በር ላይ ተለጠፈ። አንዲት ፈረንጅ ልጇን ይዛ መጣች፣ ልጅቷ ኒና ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እናትየዋ በሮቹን እያነበበች አለፈች፣ አለፈች፣ ቡላ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። እሱን መረጠች። እስካሁን ገመዱን እኔ ይዤ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የምንዞረው፣ አጠገቡ ስሆን ይረጋል። የካቲት 15 ቅዳሜ ግን ገመዱ ይፈታና ብቻዋን ሜዳ ትወጣለች ተብሏል። ሜዳው ከአስፋልቱ ጋር አጥር የለውም ጋሼ።

እና ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ። ምን ብዬ እንደፈረምኩ ልወቅ።

እህትህ ሶያማ


ሊሜሪክ፣ ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017

ለእህቴ ለሶያማ፣ ሰላምሽ ይብዛ፣ ጤናሽ ይጠበቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉ እንግዳ በዝቶበት ሁለት ፈረቃ ነው የማጥበው፣ አንሶላ በሕልሜ ሁሉ ይመጣብኛል።

ትናንት የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበረኝ። አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፣ አንድ ቃል ስትጠይቂያቸው ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምረው ነው የሚነግሩሽ። ያልሽውን ቃል ጻፍኩላቸው።

ዶሳይል የጠባይ ቃል ነው። ገራም፣ ለመያዝ የማያስቸግር፣ የታዘዘውን የሚያደርግ ማለት ነው። ከላቲን ነው የመጣው፣ ማስተማር ከሚል ግስ። ከዛው ግስ ዶክተርም ወጥቷል፣ ድሮ ትርጉሙ አስተማሪ ነበር አሉ፤ ዶክመንትም ወጥቷል፣ ትምህርት፣ ማስረጃ ማለት ነበር። «እንግዲህ የእህትህ ዶክተር ዶክመንት ላይ ዶሳይል ብሎ ጽፎ ሦስቱን ዘመዳሞች አገናኛቸው» ብለው ሳቁ። መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «ቢያስተምሩት የሚገባው» ማለት ነበር፣ ለጥሩ ተማሪ የሚሰጥ ምስጋና። ብዙ ቆይቶ ነው «የማያስቸግር» ወደሚለው የዞረው። እኛም ገራም የምንለው ከመግራት መሰለኝ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ለፈረስ፣ ለከብት፣ ለውሻ ይባላል።

ታዲያ ምኑ ያስፈራል? ጥሩ ቃል ነው። አንቺ የምትይው ፈረስ ደንባራ ነው፣ ለሱ ሌላ ቃል አላቸው፣ ስኪቲሽ ይሉታል። ዶክተሩ የተማረ ሰው ነው። ደንባራውን ገራም ብሎ የጻፈው ምን አይቶ ነው? እሱን አልነገርሽኝም።

አትቀየሚኝ፣ ያንን ውሻም አልረሳሁትም። እማዬ አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ብቻዋን ናት፣ ስልክ ላይም አጭር ሆናለች። እሁድ ሂጂና ጠይቂያት።

ወንድምሽ ጃለታ


ሱሉልታ፣ ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን 2017

ጋሼ ጃለታ፣ አካም ጅርታ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ አስተማሪህንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ገራም የሚለውን ግን ሦስቴ ደግሜ አነበብኩት። ገራም ብዬ ነው ለካ የፈረምኩት።

ዛሬ የሆነውን ስማ። ኒና ቡላ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ገመዱን ይዤ ስንዞር፣ ባዶ የመኖ ማዳበሪያ ንፋስ አነሳው። ቡላ ከሁላችንም በፊት አየው። ጆሮው ቀጥ አለ፣ መንቀጥቀጡ በገመዱ መጥቶ ክንዴ ላይ ተሰማኝ፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና «ሱታ ቡላ፣ ሱታ፣ ቀስ በል» አልኩት፣ ቆመ። ልጅቷ ምንም አላወቀችም፣ ትዘፍናለች። የበር ጥበቃው ኦቦ ገርባ ሮጠው ማዳበሪያውን ረገጡት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ፈረስ አንቺ ከሌለሽ እግሩ መሬት አይነካም» አሉኝ። እስቲ ለአቶ ተድላ ይንገሩልኝ ስላቸው «እኔ የበር ሰው ነኝ፣ ስለ ጋጣ ካወራሁ በሩንም አጣዋለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አምስት ልጅ አላቸው።

ራሴ ለናትየዋ ልነግራት ሄድኩ። አማርኛ አታውቅም፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ በቃ በእጄ። ወደ ቡላ ጠቆምኩ፣ በጣቶቼ ሩጫ አሳየኋት፣ ከዛ ጭንቅላቴን ይዤ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ደነገጠች። ገባት ብዬ ደስ አለኝ። ወደ አቶ ተድላ ዞራ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸው ፈገግ ብለው የሆነ ነገር አወሩላት፣ ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጥታ አቀፈችኝ።

«ምን አሏት ጋሽ ተድላ?» አልኳቸው።

«ቡላን በጣም ስለምትወጂው ካንቺ ተለይቶ ሜዳ ሲወጣ ራስሽን እንደሚያዞርሽ ነገርኳት። አለቀሰች እኮ ሴትዮዋ። ጎበዝ ነሽ፣ ጥሩ ድራማ ይወጣሻል» አሉኝ።

ከዛ ሲሄዱ ያቺን ቃል ደግመው ሲሏት ሰማሁ፣ ዶሳይል። እጃቸው ግን ወደ ቡላ አልነበረም፣ ወደኔ ነው። ለሰውም ይባላል እንዴ?

እናትህ ጋ አልሄድም ጋሼ፣ አፍሬ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሲያዩኝ ይጮሃሉ፣ እንደ ውሻ ነው የሚጮሁብኝ።

ሐኪሙ ምን አይቶ ነው ላልከው፣ እንጃ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ፈረስ ሙቀት ይጥለዋል።

አሁን የምለምንህ አንዲት ወረቀት ናት። በእንግሊዝኛ አሳጥረህ «ፈረሱ ደንባራ ነው፣ ልጅሽን ብቻዋን አታውጪ» ብለህ ጻፍልኝ፣ እኔ ገልብጬ ቦርሳዋ ውስጥ እከትላታለሁ። ያንተም ስም አይኖርበትም፣ የኔም አይኖርበትም። ቶሎ በል፣ በዚህ ሳምንት እህል አልበላ ብሎኛል።

ሶያማ


ሊሜሪክ፣ ረቡዕ የካቲት 12 ቀን 2017

ለእህቴ ለሶያማ፣ እንደምን ሰነበትሽ።

አራት ቀን የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አይደለም። ተናድጄ ነው።

ቀኑ ሞቃት ነበር? በጥር፣ ጠዋት፣ ሱሉልታ? ሣሩ ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት አገር? አንቺ መፍራት ትችያለሽ፣ መዋሸት ግን አትችይበትም። ስም የሌለው ወረቀትም አልጽፍልሽም። ስም የሌለውን ወረቀት ሴትየዋ አንብባ ለማን ነው የምታሳየው? ለአቶ ተድላ ነው።

ለሰው ይባላል ወይ ላልሽው፣ ይባላል። አስተማሪዬን ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን ትንሽ ቋጠር አድርገው «ለፈረስ ምስጋና ነው። ለትልቅ ሰው ግን ከኋላው ነው የምትለው፣ ፊት ለፊቱ አትለውም» አሉኝ። ድሮ የተማሪ ምስጋና የነበረው ቃል ዛሬ ለሰው ሲሆን «የጫኑትን ሁሉ የሚሸከም» ወደማለት ሄዷል።

ይሄን ሲሉኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አለቃ ስለኔ የሞላችውን ፎርም አሳይታኝ ነበር፣ ከጠባይ ጎን ይቺ ቃል ነበረች። አላወቅኳትም። አመስግኛት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ሰው በቀረ ቁጥር ፈረቃው ለምን እኔ ላይ እንደሚወድቅ አሁን ነው የገባኝ። ለማንም አልተናገርኩትም፣ ላንቺ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ቃሉ ያለቦታው ተለጥፎ ሊሆን ይችላል ስትይኝ ዛሬ አምንሻለሁ። ግን ለሴትየዋ ብናገር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እኔ አንቺን የጠየቅኩሽን ነው። ሐኪሙ ታዲያ ምን አየ? መልስ ከሌለኝ አቶ ተድላ በአንድ ሳቅ ይጨርሱታል፣ አንቺም እንደ ውሻው ጊዜ ዳግም መሳቂያ ትሆኛለሽ። የምታውቂው ነገር አለ። ጻፊልኝ። ቅዳሜ ደርሷል።

ጃለታ


ሱሉልታ፣ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 2017፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

ጋሼ ጃለታ፣ እኔ ነኝ። ያበላሁት እኔ ነኝ።

ሰላምታውን ተወኝ፣ እግዜር ይጠብቅህ፣ ጊዜ የለኝም። እትዬ አትክልት የሚባሉ ሴትዮ ከግቢው ጀርባ አረቄ ያወጣሉ። ሐኪሙ የመጣ ቀን ጠዋት ከሳቸው አንድ ባልዲ የአረቄ ድፍድፍ ለምኜ፣ ከፉርሽካ ጋር ለውሼ፣ በእጄ ለቡላ አበላሁት። አባቴ ተፍኪ እያለን ደንባራ ፈረስ ገበያ ሲያወርድ እንዲህ አልነበር የሚያደርገው? ለዛ አይደል የኛ አገር ገዢ ጥርስ ከማየቱ በፊት አፉን የሚያሸተው? ሐኪሙ ግን የከተማ ልጅ ነው። ጥርሱን አየ፣ ኮቴውን አነሳ፣ ጆሮው ስር አጨበጨበ፣ ቡላ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። አፉን አላሸተተም። ጻፈለት በቃ።

ለምን አደረግሽው ትለኛለህ። አቶ ተድላ ከዛ በፊት ባለው ሳምንት «ጠባዩ አስቸጋሪ የተባለ ፈረስ እዚህ አይውልም፣ ለጋሪ እሸጠዋለሁ» ብለው ነበር፣ ሰበታ ካለ ባለጋሪ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰበታ ሳለሁ የጋሪ ፈረስ በየቀኑ አያለሁ፣ ትከሻው ተልጦ፣ ዝንብ ወርሮት፣ በሚኒባስ ጡሩምባ መሃል። ቡላ እዛ ሳምንት አይቆይም፣ በመጀመሪያው ቀን ነው መኪና ስር የሚገባው። አንድ ጠዋት ብቻ ይርጋልኝ ነው ያልኩት። ወረቀቱን ይለፍልኝ፣ ከዛ በኋላ እኔ ቀስ እያልኩ አስተምረዋለሁ አልኩ። ጀምሬም ነበር፣ በየቀኑ አንድ ፌስታል እንጨት ላይ አስሬ ከሩቅ አሳየዋለሁ፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እቀርባለሁ። አስተማሪህ ያሉት የድሮው ትርጉም ለሱ ልክ ነው፣ ቢያስተምሩት ይገባዋል። ግን ገና ነው፣ አልደረሰም። ልጅ ትመርጠዋለች ብዬ መች አሰብኩ?

አንተ «የምታውቂው ነገር አለ» ስትለኝ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለአቶ ተድላ ነገርኳቸው። ባልዲውን፣ ድፍድፉን፣ ሁሉንም። የጋጣውን በር ይዤ ነው የነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ «አውቃለሁ» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«እኔን የፈረስ ገበያ ነው ያሳደገኝ፣ ያን ቀን ጋጣው ሲሸት ይጠፋኛል እንዴ? ጎበዝ ብዬሽ ነበር በሆዴ።» ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገም ስጪው፣ ግማሽ ባልዲ ይበቃዋል። ልጅቷ ሰዓቷን ጋልባ ትወርዳለች፣ እሱም ጭራውን እያወዛወዘ ይገባል። ማን ይጎዳል?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ድፍድፍ የበላ ፈረስ እግሩ የት እንዳለ አያውቅም፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ይታጠፍበታል። ሲለቀው ደሞ ድንገት ነው የሚነቃው፣ ከነድንጋጤው። አንዱ ቢቀር አንዱ አይቀርም፣ ላዩ ላይ ደሞ የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

«አልሰጥም» አልኳቸው።

«አንቺ ባትሰጪ ሌላ ሰው ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ግን የማን ፊርማ ነው ያለው?» አሉኝና ስልካቸውን አንስተው ወጡ።

እንግዲህ አሁን ወረቀትም አልፈልግም፣ ትርጉምም አልፈልግም። የናትየዋን ስልክ ከቅዳሜው መዝገብ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ስር ጽፌልሃለሁ። ደውልላት። አንተ ጋ ገና ጠዋት ነው፣ ፈረቃ ላይም ብትሆን አለቃህን ንገራትና ውጣ፣ ዛሬ እንኳ እንቢ በላት። ለናትየዋ በሩ ላይ ያለው ቃል የቡላ አይደለም በላት፣ ያን ቀን ሰክሮ ነበር፣ ነገም ሊያሰክሩት ነው በላት። የእውነተኛ ጠባዩን ቃል አንተ ታውቀዋለህ፣ በሷ ቋንቋ ንገራት። ሐኪሙ ምን አይቶ ነው ካለችህ ይኸው መልሱ እጅህ ላይ ነው። ማን ነገረህ ካለችህ ስሜን ጥራላት። ሶያማ በላት፣ ገመዱን የምትይዘው፣ ባለፈው ቅዳሜ መሬት የተቀመጠችው። ያበላችውም እሷ ናት በላት፣ እንዳትደብቅልኝ። የኔን ስህተት ትተህ የአቶ ተድላን ብቻ ብትነግራት ግማሹን አታምንህም።

ከሥራ እንደምባረር አውቃለሁ። ቡላም ሊሸጥ ይችላል፣ እሱንም አውቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ካላመነችህ ቡላን ይዤው እወጣለሁ። ኦቦ ገርባ በሩ ላይ ያሉት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ከሳቸው በኋላ የሚገባው ጥበቃ የአቶ ተድላ ዘመድ ነው፣ አያሳልፈኝም። ኦቦ ገርባን ለምኛቸው ነበር። እሳቸው «እኔ ውሃ ልቀዳ የምሄድበት ሰዓት አለ» አሉኝ። በእግራችን ተፍኪ አጎቴ ጋ እንደርሳለን፣ ሁለት ቀን ቢፈጅም። ሌባ ይሉኛል። ይበሉኝ፣ ግን ሳያስፈልግ ሌባ መሆን አልፈልግም፣ ለዛ ነው ያንተን መልስ የምጠብቀው።

ካመነችህ ደውልልኝ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ላልቅስ። ካላመነችህም ደውልልኝ፣ ልጓሙን ላንሳ። ስልኳን ካላነሳችውም ደውልልኝና አላነሳችም በለኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ። አሁን ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ስልኬን ቻርጅ ሞልቼ እጄ ላይ ይዤዋለሁ፣ ጋጣው በር ላይ ነኝ። እባክህ ጋሼ፣ ሳይጨልም ደውልልኝ።